የእንጨቱ ቪላና በእጄ የጻፍኩት መስመር

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ሐዋሳ ውስጥ ቤትና ቦታ በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ረዳት ቀያሽ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስሜ ማቴዎስ ነው። የቡድን መሪያችን ጋሼ ኃይሉ አንድ ባለ ሃምሳ ሜትር የጨርቅ ሜትር፣ አራት የብረት ካስማና አንድ ኩንታል የሚያህል የቅጽ ጥራዝ ፊቴ አስቀመጡ።

«ይኼ ሜትር ሲረጥብ ይሰበሰባል፣ ሲደርቅ ይዘረጋል» አሉኝ። «ጠዋት ጤዛ ላይ የለካኸውን ከሰዓት ድገመው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም አትመን።»

የዚያን ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሦስት ግቢ ለካን። ጋሼ ኃይሉ ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስድስቱን ዘጠኝ ብዬ ስጽፍ ያዙኝና ቅጹን ቀደው አዲስ ሰጡኝ። አልተቆጡም። እኔ ግን ከቁጣ ይልቅ የተቀደደው ወረቀት ድምፅ አሳፈረኝ።

የሥራችን አካሄድ ቀላል ነበር። ግቢው ይለካል። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ክዳኑ ምን እንደሆነ፣ ስንት ክፍል እንዳለው ይጻፋል። ቤቱ የግል ይሁን በአዋጅ የተወረሰ ትርፍ ቤት ከማኅደሩ ይመሳከራል። ከታች «በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ላይ ይፈረማል። ቅጹን የሞላው ሰው በኋላ እስከ ማረጋገጫው ድረስ ወደ ትልቁ ባሕር መዝገብ ይገለብጠውና እዚያም ይፈርማል። ቅጽ ሊጠፋ ይችላል። ባሕር መዝገቡ ግን ከብረት ሣጥን አይወጣም።

በዚያ ሥራ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ከረዳት ቀያሽ ወደ ቀያሽ፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛ ቀያሽ አደግኩ። የጨርቁ ሜትር በብረት ተተካ፣ ብረቱ ቶታል ስቴሽን በሚባል የቅየሳ መሣሪያ፣ እሱም ከሳተላይት በሚያነብ መሣሪያ። ታቦር ተራራ ሥር ቤት ሠራሁ። አስቴርን አገባሁ፣ ሦስት ልጆች አሳደግን። ስለ እነዚያ ዓመታት ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼና ለአዲስ ገቢዎች የሚጠቅመው ግን የመጨረሻው ዓመት ነው።

ጡረታዬ ሊደርስ ሰባት ወር ሲቀረው አለቃዬ አቶ ብሩክ ጠሩኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ በትምህርታቸው የላቁ፣ ሰዓት አክባሪ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ቀጭን ማኅደር ነበር።

«ጋሼ ማቴዎስ፣ የእንጨቱን ቪላ ያውቁታል?»

የማያውቀው የለም። ከጉዱማሌ ወደ ሐይቁ ሲወረድ በስተግራ ነው። በጥቁር ድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ ግድግዳው በሙሉ የዝግባ ሳንቃ፣ ፊቱን ለሐይቁ የሰጠ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት። የሠሩት አቶ ጳውሎስ የሚባሉ ከወላይታ የመጡ አናጺ ነበሩ፤ በጃንሆይ ዘመን ወንዶ ገነት አካባቢ በነበረ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ፎርማን ሆነው ሠርተዋል። ምስጥ እንዳይበላው በየዓመቱ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡት ስለነበር ሳንቃው ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት የመጀመሪያ ልጃቸው ወይዘሮ ማርታ ናቸው፤ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

«በባሕር መዝገቡ የመንግሥት ቤት ነው። ሴትዮዋ የግሌ ነው ይላሉ። የባለቤትነት ማኅደር የላቸውም፣ እኛም ጋ የለም። የግብር ካርኒያቸው ስም እንጂ አድራሻ አልተጻፈበትም። ቦታው ለልማት ተፈልጓል። በሃያ ቀን እንዲለቁ ደብዳቤ ወጥቷል። ከእርስዎ የሚፈለገው መዝገቡን አይተው ‹ትክክል ነው› ብለው መፈረም ብቻ ነው።»

ማኅደሩ ለምን እንደሌለ አውቃለሁ። መዝገብ ቤቱ ከአሮጌው ሕንፃ ወደ አዲሱ ሲዛወር ጣሪያው አፍስሶ አንድ ሙሉ መደርደሪያ በስብሷል። በዚያ ዓመት ማኅደሩ የጠፋበት ሰው ብዙ ነው።

ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ፀሐፊዋ ባሕር መዝገቡን ከሣጥን አውጥታ ገጹን ገለጠችልኝ። «ጳውሎስ» የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው መስመር፦ ሐይቅ ዳር፣ ግድግዳ ጭቃ፣ አራት ክፍል፣ አሥራ አንድ በሰባት፣ መንግሥት። ሁለተኛው መስመር፦ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ግድግዳ ሳንቃ፣ ስድስት ክፍል፣ የግል።

ጽሕፈቱ የእኔ ነበር።

«ሐ»ን አሁንም እንደዚያ አጥፌ ነው የምጽፈው። ከታች ፊርማዬ አለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፀሐፊዋ «ጋሼ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» አለችኝ፤ ፊቴ ምን መስሎ እንደታያት አላውቅም።

ሳምንቱን አስታወስኩት። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምዝገባው ዘመቻ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውት ወባ ጣለኝ። ጋሼ ኃይሉ ወደ ይርጋዓለም ተልከው ነበርና የቀሩትን ግቢዎች ብቻዬን መዞር ነበረብኝ። መቆም አልቻልኩም። ከቀበሌ የመጣ ዝርዝር ነበረኝ። አልጋ ላይ ተቀምጬ ከዝርዝሩ ወደ ቅጹ ገለበጥኩ። የአቶ ጳውሎስን ሁለት ቤቶች ስጽፍ የአንዱን አድራሻ ከሌላው ዝርዝር ጋር አገናኘሁት። ከዚያ በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ በሚለው ላይ ፈረምኩ።

እውነቱ ይኼ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይቀርለት ነበር። አቶ ጳውሎስ የእንጨቱን ቪላ አስቀርተው፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያከራዩት የነበረው የጭቃ ቤት ተወረሰ። እኔ ወረቀት ላይ የሁለቱን አድራሻ አቀያየርኩ። ማኅደሩ በነበረ ጊዜ ስህተቴ ማንንም አልጎዳም። ማኅደሩ ሲበሰብስ ግን የቀረው የእኔ መስመር ብቻ ሆነ።

በዚያ ቀን ለአቶ ብሩክ ምንም አላልኩም። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ብቻ አልኩ።

የሕግ ክፍል ውስጥ የማምነው አንድ ሰው ነበር። ስም ሳልጠራ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ቤቱን ሳያይ ‹አይቻለሁ› ብሎ ከፈረመ ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅተሃል ሊባል ይችላል» አለኝ። «ይርጋ ይኑረው አይኑረው ሌላ ክርክር ነው። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰው ከሆነ ግን፣ ጋሼ፣ ምርመራ ላይ ያለ ሰው የጡረታ ወረቀቱ ቶሎ አያልቅለትም። ያ ሰውዬ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም።»

አምስት ቀን ዝም አልኩ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አምስት ቀን ሙሉ ቢሮ ገባሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ሌሎች ፕላኖች ላይ ፈረምኩ። በእነዚያ ቀናት ከሥራ ስወጣ በሐይቁ በኩል ማለፍ ትቼ በዋናው መንገድ በባጃጅ እመለስ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወደ ታቦር ዳገቱን ስንወጣ አስቴር ቆመች። ጉልበቷን ስለሚያማት የቆመች መስሎኝ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ዛሬ መዝሙሩ ላይ አፍህ አልተንቀሳቀሰም።»

ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ማርታ የሁለተኛውን ልጃችንን ያዋለደችኝ ናት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ያስሩኝ ይሆናል፣ አስቴር።»

«ሊያስሩህ ይችላሉ» አለችና ዳገቱን መውጣት ቀጠለች። ሌላ ነገር ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ሜትሬን ይዤ ወደ ቪላው ሄድኩ። የአጥሩ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል። አንድ ደንብ አስከባሪ ከዋርካው ሥር ተቀምጧል። ወይዘሮ ማርታ በረንዳው ላይ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ካርቶን ውስጥ ይከቱ ነበር።

«ሊለኩ ነው የመጡት ወይስ ሊያስወጡኝ?» አሉኝ።

«ልለካ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

ቆሜ ነገርኳቸው። ሳህኑን አስቀመጡ። ወደ ሐይቁ ዞሩ።

«አንተ ነህ?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ እንጂ አንተ ብለውኝ አያውቁም። «ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቢሮው ‹አባትሽ አጭበርብሮ ነው› እየተባልኩ ስመላለስ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ የመጨረሻውን ሳንቃ ሲመታ ስምንት ዓመቴ ነበር። ምስማር የማቀብለው እኔ ነበርኩ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ለካ እንግዲህ። ለካና ሂድ።»

ለካሁ። ጠዋት ለካሁ፣ ከሰዓት ደገምኩት። አሥራ አራት ሜትር ከሃያ በዘጠኝ ሜትር ከስድሳ። ስድስት ክፍል። ግድግዳው ሳንቃ፣ መሠረቱ ድንጋይ። መዝገቡ ሐይቅ ዳር አለ ከሚለው ቤት ጋር የሚገናኝ አንድም ቁጥር የለም። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። «ያ የጭቃ ቤት ፈርሶ ይኼኛው ተሠርቶ ይሆናል» ሊሉ ይችላሉ። የተወረሰው ያኛው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር።

የጭቃው ቤት ባህል አዳራሽ አካባቢ እስከ ዛሬ ቆሟል። ውስጡ የሚኖሩት መምህር ዘለቀ ናቸው፤ ከጎጃም በወጣትነታቸው ለማስተማር መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ሰማንያ የደረሱ ሰው። በሩን ከፍተው ከነሜትሬ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ጉዳዩን አስረዳኋቸው። የመጀመሪያውን የቀበሌ ኪራይ ውል እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«አለኝ» አሉ። «መጀመሪያ ከጳውሎስ ነው የተከራየሁት። ሲወረስ ቀበሌው አዲስ ውል አስፈረመኝ። ‹ከአቶ ጳውሎስ የተወረሰ የጭቃ ቤት፣ አራት ክፍል› ይላል፣ ማኅተም አለው። ግን ይህን ወረቀት ባሳይ እኔን ያስወጡኛል?»

ማጽናናት እችል ነበር። «አላውቅም፣ አባባ» አልኳቸው። «በሕጉ የሚነካዎት ነገር የለም። ግን ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ በዚህ ወር ያየሁትን አይቻለሁ።»

መምህር ዘለቀ ከዘራቸውን ሁለቴ መሬት መቱበት።

«ወረቀቱን አልሰጥህም። በዚህ ዕድሜዬ ወረቀቴን ለመንግሥት ሠራተኛ አልሰጥም። ቀኑን ንገረኝ፣ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

ጉዳዩን የሚያየው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ የተሰበሰበው የሃያው ቀን ገደብ በሚያልቅበት ዕለት ጠዋት ነው። አምስት ሰዎች ነበሩ፣ ሰብሳቢው አቶ ብሩክ። ወይዘሮ ማርታ ጥግ ላይ፣ መምህር ዘለቀ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ የተጠራሁት ፊርማዬን እንድሰጥ ነበር።

ባሕር መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ገለጥኩት።

«ይህ መስመር ስህተት ነው» አልኩ።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ አቶ ብሩክ።

«እኔ ነኝ።»

አንዱ የኮሚቴ አባል ብዕሩን አስቀመጠ።

«ቤቱን አይተው ነበር?»

«አላየሁም።»

«መዝገቡ ‹በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ› ይላል።»

«ይላል። ፊርማውም የእኔ ነው።»

«ጋሼ ማቴዎስ» አሉ አቶ ብሩክ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሚናገሩትን ያስቡበት። ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል።»

«እንዲገባ ነው የምናገረው።»

ወባውንም፣ ዝርዝሩንም፣ የሁለቱን መስመሮች መገለባበጥም ተናገርኩ። ቪላው ላይ የለካሁትን አቀረብኩ። መምህር ዘለቀ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ውሉን ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ አወጡ። ለአቶ ብሩክ አልሰጡም። በሁለት እጃቸው ይዘው በአቶ ብሩክ ፊት ዘረጉት።

«እዚሁ አንብበው፣ ልጄ» አሏቸው።

አቶ ብሩክ ጎንበስ ብለው አነበቡ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ከቀሩት አራቱ አንዱ፣ «ሰውዬው ከሴትዮዋ ጋር ተስማምቶ ቢሆንስ? በሠላሳ ዓመት ያልታየው ስህተት ዛሬ እንዴት ታየ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቀው ነበር።

«የማረጋግጥበት ሌላ ነገር የለኝም» አልኩ። «ቤቶቹ ግን ቆመዋል። ሄደን እንያቸው።»

በዚያው ቅጽበት የወይዘሮ ማርታ ስልክ ጮኸ። አዳምጠው ሲጨርሱ ተነሡ።

«አጥሬን እያፈረሱ ነው» አሉ።

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄድን። ስንደርስ አራት ሰዎች በድጅኖ ሁለት የአጥር ቋሚ ነቅለዋል፣ አንዱ የበረንዳውን ደረጃ መነቅነቅ ጀምሯል። ጎረቤቶች ወጥተው ቆመዋል። ወይዘሮ ማርታ ከመኪናው ወርደው ደረጃው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ሰውዬው ድጅኖውን እንደያዘ ወደ አፍራሾቹ አለቃ ዞሮ አየ።

አቶ ብሩክ መኪናው በር ላይ ቆመው ነበር። የታዘዙትን ያውቃሉ፣ ያነበቡትንም ያውቃሉ።

«አቁሙ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሜትሩን ለእኔ ይስጡኝ። እርስዎ አይንኩት።»

ራሳቸው ለኩ፣ የኮሚቴው አባል ጻፈ። አሥራ አራት ከሃያ በዘጠኝ ከስድሳ። ከዚያ ባህል አዳራሽ ሄዱና የመምህር ዘለቀን ቤት ለኩ። አሥራ አንድ በሰባት፣ ጭቃ፣ አራት ክፍል።

መዝገቡ የታረመው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ወይዘሮ ማርታ በአባታቸው ወራሾች ስም ካርታ ተሰጣቸው። መምህር ዘለቀን ማንም አላስወጣቸውም። የእኔ ጉዳይ ለፖሊስ ይመራ አይመራ በሚለው ላይ ሦስት ወር ፈጀ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደረጃ ዝቅታ ተሰጠኝ። ከፍተኛ ቀያሽ ሆኜ መውጣት ሲገባኝ በቀያሽነት ወጣሁ።

ወረቀቱን የሰጡኝ አቶ ብሩክ ናቸው። «በዚያ ሳምንት ስንት መስመር ነው የጻፉት?» አሉኝ።

«አርባ አንድ።»

«እና እኔ የትኛውን ልመን?»

በቀሩኝ ወራት አርባ አንዱንም በእግሬ ዞርኩ። ሠላሳ ስምንቱ ትክክል ነበሩ። ከጳውሎስ ሁለት መስመሮች ሌላ አንድ ስህተት አገኘሁ፣ የአጥር ወሰን ነው፤ ሁለቱን ጎረቤቶች አስማምቼ አሳረምኩት። የሽኝት ሻይ አልተደረገልኝም። አንድ የማላውቃት አዲስ ገቢ ቀያሽ መሣሪያዬን ፈርማ ተረከበች።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ ወይዘሮ ማርታ አስጠሩኝ። ወንድሞቻቸው ከውጭ አገር መጥተው ነበር። ቤቱን ሸጠውታል። ገዢው ሕንፃ ሊሠራበት ነው። ስደርስ ሠራተኞች የግድግዳውን ሳንቃ አንድ በአንድ እየነቀሉ ይደረድሩ ነበር።

«አዘንክ?» አሉኝ።

አዝኛለሁ አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አዝኜ ነበር።

«እኔም አዝኛለሁ» አሉ። «ግን ብቻዬን አላድሰው፣ ወንድሞቼም ድርሻ አላቸው። ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርንና ሸጥነው። በደብዳቤ አልተወሰደብንም።» ከዚያ ወንበር አስመጡልኝና አብረን ተቀምጠን ሠራተኞቹን ስናይ አረፈድን።

አሁን የመስክ ሥራ የሚጀምሩ ልጆች አንዳንዴ እየመጡ ምክር ይጠይቁኛል። የምላቸው ይኼ ነው። ያልረገጣችሁትን ግቢ አትመዝግቡ። ታማችሁ ከሆነ፣ ቀኑ ከመሸባችሁ፣ አለቃ ካጣደፋችሁ መስመሩን ባዶ ተዉት፤ ባዶ መስመር ማንንም ከቤቱ አያስወጣም። ተሳስታችሁ ከሆነም ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ። እኔ አምስት ቀን ዘገየሁ፣ በአምስቱም ቀን ሴትዮዋ ሳህን ይጠቀልሉ ነበር።